ከወንዝ የተመለሰ ሰው ዕዳ

የሰው ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ መንገድ ሄዶ በደኅና ሲመለስ፣ ጎረቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እንዴት ነበር?» ብሎ ነው። ጥያቄው አጭርና የተለመደ ስለ ሆነ፣ ብዙዎቻችን እንደ ሰላምታ ቈጥረን «እግዚአብሔር ይመስገን» እንልና እናልፈዋለን። ዳሩ ግን ነገሩን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው፣ በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ አንድ ታላቅ የግብረ ገብ ጉዳይ ተሰውሮ እናገኛለን። ይኸውም፦ አደጋ ካለበት ስፍራ በሕይወት የተመለሰ ሰው ያየውን የመናገር ግዴታ አለበትን? ካለበትስ ምኑን፣ ለማን፣ እንዴት አድርጎ ሊናገር ይገባዋል? የሚል ነው።

ለምርመራችን መነሻ እንዲሆነን የመረጥነው የዓባይን በረሃ በጀልባ የሚወርዱትን ሰዎች ታሪክ ነው። ይህን የምንጽፈው ከዓባይ ርቀን፣ በአርሲ ደጋ በዲክሲስ ተቀምጠን ስለ ሆነ፣ አንባቢ «የገብስና የስንዴ አገር ሰው በዓባይ በረሃ ምን አገባው?» ይለን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፤ እኛም ወንዝ አለን። ከጭላሎና ከበዳ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ከፊሉ በካታር ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ ከፊሉ በቀለጣ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በደቡብና በምሥራቅ በኩል ያለውም ወደ ዋቤ ሸበሌ ሸለቆ ይገባል። ከእነዚህ ውሃዎች በአንዱ ላይ የደረሰብን ነገር፣ ወደ ኋላ እንደምንናዘዘው፣ ስለ ዓባይ ተጓዦች የተጻፈውን ሁሉ በሌላ ዐይን እንድናነበው አድርጎናል።

ስለ ስፍራው ጥቂት እንበል። ዓባይ ከጣና ሐይቅ ከወጣ በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወድቃል። ከዚያም ጎጃምን በስተ ቀኙ አድርጎ እንደ ቀለበት እየዞረ ወደ ሱዳን ወሰን ያመራል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ከአፋፉ እስከ ውሃው ያለው ጥልቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ከላይ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው ከታች ሲደርስ ጋቢውን ጥሎ ጥላ ይፈልጋል። ሕዝቡም ስፍራውን «የዓባይ በረሃ» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። ታላቅ ወንዝ በመካከሉ እያለፈ ስፍራው በረሃ መባሉ ለሰሚ እንግዳ ቢመስልም፣ ወርዶ ላየው እውነት ነው።

በዚህ ሸለቆ ውስጥ የሚወርደው ውሃ በአንዳንድ ስፍራ እንደ ሐይቅ ጸጥ ይላል፤ በሌላው ስፍራ ደግሞ ከቋጥኝ ጋር እየተላተመ ነጭ አረፋ ብቻ ይሆናል። አደገኛው ነገር አረፋው አይደለም። ውሃው በትልቅ ቋጥኝ ላይ ዘሎ ሲወድቅ ከታች ወደ ኋላው ይገለበጣል፤ የተገለበጠውም ውሃ ጀልባውንም ሰውንም ይዞ እንደ ወፍጮ ያዞራል። ስለዚህ በአየር በሚነፋ የጎማ ጀልባ የሚወርዱት ሰዎች የውሃው ድምፅ ሲለወጥ ከሩቁ ወደ ዳር ይጠጋሉ፤ ከጀልባው ወርደው በእግራቸው ይሄዱና ውሃውን ከላይ ሆነው ይመለከታሉ። መንገድ ካለው በየተራ ያልፋሉ፤ አስቀድሞ ያለፈውም ጀልባ ከታች ገመድ ይዞ የኋለኛውን ይጠብቃል። መንገድ ከሌለው ጀልባውንና ጓዙን ተሸክመው በቋጥኝ ላይ ያልፋሉ። ይህ ሁሉ ሥርዓት የተገኘው በአንድ ቀን አይደለም። ከእነርሱ በፊት ከወረዱት ሰዎች ስሕተት፣ አልፎ አልፎም ከሞታቸው የተገኘ ትምህርት ነው።

ታሪኩንም ባጭሩ ብንመለከተው እንዲህ ነው። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ በጀልባ ሊወርድ ሞክሮ፣ ጀልባዎቹ ጉዞው ሳይርቅ ከቋጥኝ ጋር ተላትመው ተሰበሩ። ከ1925 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺስማን ውሃውን ትቶ በበቅሎና በእግር እየተጓዘ የወንዙን አካሄድ በካርታ ላይ አሰፈረ። በ1962 የመጡት የስዊስና የፈረንሳይ ተጓዦች በሌሊት በሽፍቶች ተጠቅተው ሁለቱ ተገደሉ። በ1968 በሻምበል ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመሩ 60 ያህል የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወታደሮችና የሳይንስ ሊቃውንት ከጣና እስከ ሱዳን ወሰን አቅራቢያ ወረዱ። በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ ተነሥተው በ114 ቀን እስክንድርያ፣ ከሜዲቴራኒያን ባሕር ዳርቻ ደረሱ።

ከ1968 በኋላ ከመጡት አብዛኞቹ የመንግሥት መልእክተኞች አልነበሩም። በገዛ ፈቃዳቸውና በገዛ ገንዘባቸው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ተማክረው የመጡ ናቸው። በመንግሥት የተላከ ሰው ሲመለስ ዘገባ ይጽፋል፤ ባይጽፍ አለቃው ይጠይቀዋል። በግሉ የሄደውን ሰው ግን ማን ይጠይቀዋል? «ገንዘቡ የእኔ፣ ድካሙ የእኔ፣ ብሞትም ሞቱ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ብናገር ጨዋታ ነው፣ ዝም ብልም መብቴ ነው» ቢል ምን ይመለስለታል? የጥያቄያችን ጭብጥ እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ነገር በአገራችን ሁለት አስተያየቶች እንዳሉ እናውቃለን። አንደኛው ዝምታን የሚያከብር ነው። ጨዋ ሰው ስለ ራሱ አያወራም፤ ያደረገውን ሌላው ይናገርለታል እንጂ እርሱ አይናገርም ይላል። ሁለተኛው ጀግና ግዳዩን ጥሎ ሲመለስ በሰው ፊት ቆሞ እንዲፎክር የሚፈቅድ ነው። ሁለቱም ክብር ያላቸው ልማዶች ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚመለከቱት የተናጋሪውን ክብር ነው፤ አንዱ ክብሩን በዝምታ ይጠብቃል፣ ሌላው በድምፅ ይጠይቃል። ነገ በዚያው መንገድ የሚሄደው ሦስተኛ ሰው ግን በሁለቱም ዘንድ ተረስቷል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ለዚህ ለተረሳው ሰው ነው።

ስለ ፉከራው ጉዳት ከሩቅ ዘመን አንድ ምሳሌ እናንሣ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አየ። የዚያ አገር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በጠበሉ ሲጠመቅ ይኖር ነበር፤ ከባሕር ማዶ ከመጡትም መካከል ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው መነኵሴ በ1618 አይቶታል። ብሩስ ግን ቀዳሚነቱ የእርሱ ብቻ እንዲሆን ፈልጎ የፓኤዝን ምስክርነት ለማጣጣል ብዙ ደከመ። ከዚህ የባሰውም ሌላ ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የጣሊያን አገር ሠዓሊ አብሮት ወደ ምንጩ ሄዶ ነበር፤ ኋላም በጎንደር ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ባልንጀራውን ከጉዞው አስቀድሞ እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈው። በሰው ታሪክ ውስጥ ሙት ብዙ ጊዜ ተረስቷል፤ ሕያው ባልንጀራን በብዕር አስቀድሞ መግደል ግን ከመርሳት ያለፈ በደል ነው። የብሩስ መጽሐፍ ብዙ እውነት የያዘ ታላቅ መጽሐፍ መሆኑን አንክድም። ቢሆንም ረዳቱን የሠወረ ምስክር ስለሌላውም ነገር ሲናገር ሰሚው መጠራጠሩ አይቀርም።

እንግዲህ ብሩስን ወቅሰን ራሳችንን ነፃ አናወጣም። ከላይ እንናዘዘዋለን ያልነው ነገር እነሆ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰኔ ወር መጀመሪያ ላይ ከዲክሲስ ወደ ቆላው ወርደን ደብዳቤና መዝገብ እንድናደርስ ታዘዝን። በቅሎ ተውሰን ተነሣን። ከአንድ ወንዝ ዳር ስንደርስ ውሃው ደፍርሶ አገኘነው። ስሙን መጥራት ለነገራችን አያስፈልግም። በዳር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከብቶቻቸውን ያጠጡ ነበር። ልንገባ ስንል በዱላቸው አስቆሙንና ከውሃው መካከል ብቅ ያለውን ጥቁር ድንጋይ አሳዩን። «ልጄ፣ የዚያ ድንጋይ ራስ ከታየ መሻገር ይቻላል፤ ካልታየ ግን እዚሁ ይታደራል» አሉን። የድንጋዩ ራስ በጥቂቱ ይታይ ነበር። እኛም «አባባ፣ ሥራው ያስቸኵላል» ብለን ለመንናቸው። እርሳቸውም ልብሳቸውን ሰብስበው ከፊታችን ገቡ። በዱላቸው የወንዙን ወለል እየዳሰሱ፣ የበቅሎዋን ልጓም በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ቀጥታ ሳይሆን ወደ ላይ እያዘነበሉ አሻገሩን። በመካከሉ ውሃው ከወገባችን ደርሶ እግራችን ሲከዳን የያዝነው የእርሳቸውን ትከሻ ነበር። ከማዶ ስንደርስ አመስግነን ሄድን፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅንም።

ሥራችንን ፈጽመን ስንመለስ ሁለት ዘገባ አቀረብን። አንደኛው በጽሑፍ ነበር፤ «በተሰጠን ትእዛዝ መሠረት ወደ ስፍራው ተጉዘን ሥራውን በሚገባ አከናውነን ተመልሰናል» ይላል። ሁለተኛውን ያቀረብነው በሻይ ቤት ነው። በዚያም ውሃው ከወገብ ወደ ደረት ከፍ አለ፤ ሽማግሌው ገበሬ ከታሪኩ ወጡ፤ ድንጋዩም ተረሳ፤ የቀረነው እኛና በቅሎዋ ብቻ ነበርን። የጽሑፉ ዘገባ ሐሰት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ለሚከተለን ሰው የሚጠቅም አንድ ቃል አልነበረውም። የሻይ ቤቱ ዘገባ ደግሞ ቃል የበዛበት ነበር፤ ጠቃሚው ቃል ግን ከዚያም ጎደለ።

በሚቀጥለው ዓመት በሐምሌ ወር አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባችን በዚያው መንገድ ተላከ። ወጣቱ የእኛን ታሪክ ሰምቶ ነበርና «እርሱ እስከ ደረቱ ገብቶ ከተሻገረ እኔ ምን ያግደኛል?» ብሎ ገባ። በዳር የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም እንዲጠይቅ ከእኛ አልተማረም። የድንጋዩ ራስ አይታይም፤ እርሱም ድንጋይ መኖሩን አያውቅም። በቅሎዋን ውሃው ወሰዳት። ወጣቱን ከታች እረኞች ከቅርንጫፍ ላይ አላቅቀው አወጡት፤ ነገር ግን ክንዱ ተሰብሮ ነበርና እስከ ዛሬ ድረስ በደንብ አይዘረጋም። ልንጠይቀው ቤቱ በሄድን ጊዜ ስለ ድንጋዩ ከእረኞቹ ሰምቶ ነበር። «ወንድሜ፣ ድንጋዩን ለምን አልነገርኸኝም?» አለን። አልተቈጣም፤ ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ ነው። እኛም መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምረን እንሰማዋለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ ብቻ እንዳይደለ ተረድተናል፤ ወሬም እያሳሳቀ ይወስዳል። በሻይ ቤት ያሳቅናቸው ሰዎች መካከል አንዱን ያ ሣቅ ወንዝ ዳር አድርሶታል።

ከዚህ በኋላ የዓባይን ተጓዦች ጽሑፍ ስናነብ የምንፈልገው ጀግንነታቸውን ሳይሆን ድንጋዩን ሆነ። ይኸውም፦ በምን ወር ወረዱ? ውሃው ምን ያህል ነበር? የዓባይ ውሃ ከዓመቱ ይበልጡ የሚወርደው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ በነሐሴ ቋጥኙን ውጦ የሚያልፈው ወንዝ በመጋቢት ያንኑ ቋጥኝ ገልጦ ያሳያል። እንግዲህ አንዱ ተጓዥ «ይህ ስፍራ ቀላል ነው» ቢል፣ ሌላውም «ይህ ስፍራ ሞት ነው» ቢል፣ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ወሩንና የውሃውን ልክ ያልተናገረ ምስክር ቃሉ አንድ በአንድ እውነት ሆኖ ሳለ ሰሚውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እውነት መናገር ማለት ሐሰት አለመናገር ብቻ አይደለም እንላለን።

ደግሞም ጥፋትንና ሐዘንን የመናገር ነገር አለ። በ1968ቱ ጉዞ ኢያን ማክላውድ የተባለው ወታደር ሕይወቱን ያጣው ሁሉም በሚፈራው በዓባይ አረፋ ውስጥ አልነበረም፤ ገመድ ይዞ አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው። የጉዞው ጸሐፊዎች ታላቁን ወንዝ ስለ ማሸነፋቸው ብቻ ጽፈው ይህን ቢሠውሩት ኖሮ፣ ታናሹ ወንዝ ከታላቁ እኩል ሊፈራ እንደሚገባው የኋለኞቹ ከየት ይማሩት ነበር? እንዲሁም ሪቻርድ ባንግስ የተባለው አሜሪካዊ በ1973 ከጓደኞቹ ጋር አዋሽንና ኦሞን ከወረዱት አንዱ ነው፤ በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ግን የተረከው ድሉን ብቻ ሳይሆን በባሮ ወንዝ ላይ ጓደኛውን ያጣበትን ሐዘን ጭምር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ ከአረፋው ጋር ከመታገል የሚያንስ ድፍረት አይደለም። ከውሃው ጋር የታገለ ሰው ተመልካች ያደንቀዋል፤ «እዚህ ላይ ተሳሳትን» ብሎ የጻፈውን ግን ብዙዎች ይነቅፉታል፤ ጥቅሙ የሚገለጠው እርሱ በማያያቸው ሰዎች መዳን ነው።

በዚህ ረገድ ከባሕር ማዶ ሰዎች ሥርዓት መዋስ አያስፈልገንም። በአዋሽ መጨረሻ ያሉት የአፋር ወገኖቻችን «ዳጉ» የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ሳይቸኵሉ ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ የትኛው ጕድጓድ ደረቀ፣ ሰላም የጎደለውስ በየት ነው ይባባላሉ። ተናጋሪው በዐይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት፤ ሐሰት የተናገረም በወገኑ ፊት ይዋረዳል። አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው፣ በዳጉ ዘንድ መንገደኛው በግሉ ጉዳይ መሄዱ ወይም ተልኮ መሄዱ የማይጠየቅ መሆኑን ነው። ለግመሉ ሣር ሊፈልግ የሄደም ቢሆን ያየውን ይናገራል። በረሃን የሚያውቅ ሕዝብ፣ መንገድ የሚሄደው ሰው አንድ ቢሆንም መንገዱ የሁሉ መሆኑን ተረድቷል። «ጉዞዬ የግሌ ነው» ለሚለው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም። ጉዞው የግሉ ይሁን፤ ያወቀው ነገር ግን የግሉ ሊሆን አይችልም። እርሱም ቢሆን ከቤቱ ሲነሣ ከእርሱ በፊት የሄዱ ሰዎች የተናገሩትን ይዞ ነው የተነሣው። የተቀበለውን የማያስተላልፍ ሰው በሌላው ገንዘብ ነግዶ ትርፉን እንደ ሸሸገ ነጋዴ ነው።

የመናገር ፍሬ ደግሞ ተናጋሪው ካሰበው በላይ ሊሄድ እንደሚችል አንድ ምሳሌ እንጨምር። በጎጃምና በበጌምድር መካከል፣ ከጢስ ዓባይ በታች፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላትን ለማገድ መካከሉ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ገበያተኛው ሁሉ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ በቆሙ ሰዎች እየተጐተተ ገደሉን ይሻገር ነበር። በ1999 ዓባይን በጀልባ ከወረዱት መካከል ጸሐፊዋ ቨርጂኒያ ሞረልና ፎቶግራፍ አንሺዋ ኔቫዳ ዊር ይገኙ ነበር። ከዚያ ጉዞ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የታተመው ሥዕል የጀልባውን አረፋ ብቻ አላሳየም፤ በሰባራው ድልድይ ላይ በገመድ የሚጐተተውንም ሰው አሳየ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ በ2001 ሥዕሉን አይቶ ልቡ ተነካ፤ በ2002ም ከአገሬው ሕዝብ ጋር ሆኖ የድልድዩን ስባሪ አስጠገነ። ጥገናውን በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ተጓዦቹ ለደስታቸው በግላቸው ወርደው ስለ ራሳቸው ብቻ ቢያወሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር። በዳር የቆመውን ሰው ስላዩና ስለ ተናገሩ ግን፣ አንዲት ሥዕል ድልድይ ሆነች። እኛ ግን በዳር የቆሙትን ሽማግሌ ከታሪካችን አውጥተን ጣልናቸው።

እዚህ ላይ «የአደጋ ታሪክ መናገር ወጣቱን ወደ አደጋ ይስባል፤ ዝም ቢባል ይሻላል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣብን እንደሚችል እናውቃለን። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም፤ የእኛው ወጣት ባልደረባ ወደ ውሃው የገባው ታሪክ ሰምቶ ነውና። ሆኖም ወደ ውሃው የሳበው የሰማው ነገር ሲሆን፣ የጐዳው ግን ያልሰማው ነገር ነው። ግማሹ ተነግሮ ግማሹ ሲሸሸግ ነው ታሪክ ወጥመድ የሚሆነው። ዝምታ ብቻውን ሰውን ከወንዝ አያስቀርም፤ የዲክሲስ ሰው ገበያ ለመውጣት፣ ዘመድ ለመጠየቅ፣ ታዞም ለመሥራት ውሃ መሻገሩ አይቀርምና። የማይቀርን መንገድ በዝምታ መዝጋት አይቻልም፤ በእውነተኛ ቃል ማብራት ግን ይቻላል።

ሌላም ልናስበው የሚገባ ነገር አለ፤ ወንዝም እንደ ሰው ዕድሜ አለው። በ1990ዎቹ በጣና መውጫ ላይ የተሠራው የጨራጨራ ግድብ የጢስ ዓባይን ውሃ ለውጦታል። በተከዜ ላይ በ2009፣ በኦሞም ላይ በ2016 ታላላቅ ግድቦች ሥራ ጀምረዋል። በዓባይም ላይ በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በግድቡ በስተ ላይ ሰዎች ከጀልባ ወርደው እየዞሩ ያዩት የነበረው የሸለቆው የታችኛው ክፍል ዛሬ ሐይቅ ተኝቶበታል። ይህ ለአገራችን ብርሃን ስለ ሆነ ደስ ይለናል እንጂ አናዝንም። ነገር ግን ያ ቋጥኝና ያ አረፋ ዛሬ የሚገኙት በተናገሩ ሰዎች ቃል ውስጥ ብቻ ነው። ዝም ያሉት ያዩት ሁሉ ከውሃው በታች ቀርቷል። ስለዚህ ምስክርነት ለሚከተለው መንገደኛ ብቻ ሳይሆን፣ መንገዱ ራሱ በጠፋ ጊዜ ለሚመጣው ትውልድም ዕዳ ነው።

በመጨረሻም ሐሳባችንን እንዲህ ብለን እንጠቅልል። ከአደጋ የተመለሰ ሰው እንዲናገር የሚያስገድደው ሕግ ባይኖርም፣ የተመለሰበት ሕይወት ራሱ ባለዕዳ ያደርገዋል። ዕዳውንም ሲከፍል ሦስት ነገር ሊጠነቀቅ ይገባል፤ የረዳውን ሰው እንዳይሠውር፣ ወሩንና የውሃውን ልክ እንዳይረሳ፣ ስሕተቱንም እንዳይሸፍን። ይህን የፈጸመ ሰው ቢፎክርም ፉከራው አይጐዳም፤ ይህን ያጐደለ ሰው ግን በትሕትና ቢናገርም ትሕትናው አያድንም። ይህም ለወንዝ ተሻጋሪ ብቻ የተባለ አይደለም። ከበሽታ የዳነ፣ ከስደት የተመለሰ፣ በሥራው ተሳስቶ የታረመ ሁሉ ከወንዝ እንደ ተመለሰ ሰው ነው።

እኛም ከዚያ ወዲህ ወደ ቆላው ለሚወርድ ሰው ሁሉ ስለ ድንጋዩ ሳንነግር አናሳልፍም። ባለፈው በጋ ወደ ወንዙ ተመልሰን ሄደን ሽማግሌውን ፈለግናቸው። ውሃው ጎድሎ፣ ጥቁሩ ድንጋይ እስከ ግርጌው ተገልጦ ነበር። ከብት ያጠጣ የነበረ አንድ ልጅ አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ነገረንና ወደ ቤታቸው መራን። ሽማግሌው ደኅና ነበሩ፤ እኛን ግን አላስታወሱንም፤ ያሻገሩት ሰው ብዙ ነውና። ታሪኩን ሁሉ፣ የወጣቱንም ክንድ ጭምር ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። «አሁንስ ለሌላው ነገራችሁ?» አሉን። «ነግረናል» አልናቸው። ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም ያ መልሳችን እውነት እንዲሆን ነው።